የኔቪል አስተርጓሚ

ድምፁን ያወቅኩት ከመልኩ በፊት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እኔ ጓሮ ሆኜ የባለቤቴን የማርታን ጎመን ውሃ ሳጠጣ፣ ከሳሎኑ መስኮት የአንድ እንግሊዛዊ ንግግር ወጣ። ቃላቱን ጎተት የሚያደርግ፣ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ቆም ብሎ ከኋላው ሰው እንዳለ የሚያዳምጥ የሚመስል ድምፅ ነው። ውሃውን አስቀምጬ ገባሁ። ልጄ ሰላም ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችና «አባዬ፣ ያንተን ሰውዬ አገኘሁት» አለችኝ። ሰላም ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ነው የምታስተምረው፤ የሰውየውን ስም ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሲነሳ ሰምታዋለች፣ በደግም ባይሆን። ስልኩ ላይ የሚታየው ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ፣ መነጽሩ የወፈረ ሽማግሌ ሰፊ አዳራሽ ፊት ቆሟል። ፕሮፌሰር ኔቪል ጡረታ ሊወጣ ነውና ባልደረቦቹንና ተማሪዎቹን እየተሰናበተ ነበር።

ዕድሜ ልኩን ያጠናው ርዕዮተ ዓለምን ነው። ሰው አንድን የፖለቲካ እምነት እንዴት እንደሚይዝ፣ እንዴትስ እንደሚጥለው። ይህ ሁሉ ሥራ የጀመረው በደቡብ ኢትዮጵያ በምትገኝ አንዲት አረንጓዴ ከተማ እንደሆነ ለአዳራሹ ነገረ። እዚያ አንድ አስተርጓሚ ነበረኝ አለ፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ እንደ ወንድሜ የማየው። ያ ሰው፣ አለ፣ አንድ ምስኪን በምስጢር የነገረኝን ይዞ ሄዶ ለባለሥልጣናት ሰጠብኝ፤ ሰውየውም ታሰረ። «ከዚያ ቀን በኋላ ሰዎች ምን እንደሚያምኑ መጠየቅ ተውኩ፤ ማንን እንደሚፈሩ መጠየቅ ጀመርኩ» ሲል አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሳብ ሲያደርግ ተሰማኝ። ስሜን አልጠራም። ግን ሆሳዕና ውስጥ ያኔ የኔቪል አስተርጓሚ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ሰላም ደንግጣ ልትዘጋው ስትል ተይው፣ እስከ መጨረሻው ልስማው አልኳት።

ያ ዘመን አንዱ መንግሥት ወድቆ ሌላው ገና ወንበሩን የሚያሞቅበት ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፤ ሽልንግ ያለው ደግሞ ዳቦ ይጨምርበታል። ከመናኸሪያው ቁልቁል ሲወረድ በቀኝ በኩል አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ያን ሰሞን ደጁ ሰልፍ አይጠፋውም። የካድሬ ካኪ ኮት የነበራቸው ሁሉ እያመጡ ኮሌታውን ያስቀይራሉ፣ ኪሱን ያስፈታሉ፣ ጥቁር ያስነክሩታል። ካንዱ ኮት የተፈታው ኪስ ሌላው ላይ ተጥፎ ሳየው ከተማው በሙሉ ልብስ የተዋዋሰ ይመስለኝ ነበር። ከልብስ ሰፊው ፊት ለፊት ካሴት ቤት አለ። ባለቤቱ የድሮውን መንግሥት የሰልፍ መዝሙሮች ካሴት ጠራርጎ ወስዶ በላያቸው ላይ የፍቅር ዘፈን ቀዳባቸው፤ አንዳንዴ ዘፈኑ አልቆ ካሴቱ ሲሮጥ ከሥሩ የድሮው መዝሙር ብቅ ይልና ባለቤቱ ዘሎ ሲዘጋው እናያለን። አጠገቡ ደግሞ ቀደም ሲል በየቤቱ በር ተዘግቶ በሹክሹክታ ይዘመሩ የነበሩ የእኛ የጴንጤዎቹ መዝሙሮች በድምፅ ማጉያ መለቀቅ ጀመሩ። ማርታ ከመዘምራኑ ጋር ከፊት ረድፍ ትቆም ነበር፤ ነጭ ሻርፕ፣ አረንጓዴ ሹራብ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥፍር አድርጋ። ዛሬ በካሴት ቤቱ ቦታ ሕንፃ ተሠርቶ ከታች ሞባይል ይሸጥበታል፤ ወጣቶቹ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው እየሰሙ ያልፋሉ፣ ማን ምን እንደሚሰማ አይታወቅም። ያኔ ግን የሚሰማው ነገር ሰውን ያሳውቅ ነበር፤ ወይም ያሳውቃል ብለን እናስብ ነበር።

ኔቪል ከአውቶብስ ሲወርድ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው። በቆዳ ማህደር ውስጥ ያለ ቴፕ ትከሻው ላይ አንግቶ፣ እናቱ የሠራችለት የሚመስል ቡናማ ሹራብ ለብሶ፣ ሰንደል ጫማ በካልሲ አድርጎ። ከላይ የተጻፈለት ፈቃድ ነበረውና የሚመለከታቸው ሰዎች የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር የነበርኩትን እኔን መደቡለት። ስሜ ማቴዎስ ነው፤ እሱ ማቲው ይለኛል። ምን እንደሚያጠና ስናገር ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። ባህር አቋርጦ መጥቶ እኛ የምናምነውን የሚጠይቅ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ሶሮ ወረዳ ውስጥ ማዕድን አለ መባሉን ሰምቶ ነው ያሉ ነበሩ። ሰላይ ነው ያሉት ይበዛሉ፤ የማን ሰላይ እንደሆነ ግን አልተስማሙም። ቤተ ክርስቲያናችን መጥቶ ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ ሽማግሌዎቹ ኮሚኒስት ይሆናል አሉ፤ ካቶሊኮቹ ዘንድ ሲሄድ ደግሞ የእኛ ሰባኪ ነው ብለው ጠረጠሩት። እኔስ? እኔም አልቀረሁም። አንድ ገበሬ ሁለት ቃል ሲናገር እሱ ግማሽ ገጽ ይጽፋል። የቀረውን ከየት እያመጣ ነው እያልኩ አያለሁ።

እንዲያም ሆኖ ወደድኩት። ማርታ አተካና ስትሠራለት ቡላውና ቅቤው ከንፈሩ ላይ እስኪያብረቀርቅ ይበላል፤ ከዚያ ሳህኑን ራሱ አንስቶ ወደ ጓዳ ሊወስድ ሲል ማርታ ትነጥቀዋለች። ገበያ ብቻውን እየሄደ ሙዝ እስኪገዛ ድረስ አማርኛም ለመደ። ቦኖሻ ድረስ በአይሱዙ ጀርባ ላይ አብረን ተጭነን ሄደናል፤ ጎማ ፈንድቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን፣ ስለ አባቱ አጫወተኝ። አባቱ የማዕድን ሠራተኛ ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ ከእግዚአብሔር ይልቅ የሠራተኛ ማኅበሩ ነበር የሚታመነው፤ እሱ ራሱ ግን በምን እንደሚያምን እንደማያውቅ ነገረኝ። ይህን ሲለኝ አመንኩት። ወዲያው ደግሞ ሰላይም እንዲህ ብሎ ነው ሰውን የሚያለሰልሰው አልኩ በሆዴ።

ኤርጊቾን ከኔቪል ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ኤርጊቾ የጊምቢቹ ከተማ ልጅ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል፣ ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበር። በድሮው መንግሥት ካድሬ ሆነ። ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች ሲመለመሉ ዝርዝሩን ይዞ ከቤት ቤት ይዞር የነበረው እሱ ነው፤ ከሄዱት አንዳንዶቹ አልተመለሱም። መንግሥት ሲለወጥ እንደ እሱ ያሉት እየተለቀሙ ሲታሰሩ ኤርጊቾ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ እርሻውን ያርስ ነበር፤ ለምን እንዳልነኩት ማንም አያውቅም፤ ሰውም ይህንኑ እያነሳ ይጠረጥረው ነበር። ኔቪል እንደ እሱ ያለ ሰው ማነጋገር በጣም ፈለገ። ኤርጊቾ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ በኋላ «አንተ ካለህበት ይሁን» አለኝ።

እቤቱ ተቀመጥን፣ በሩ ተዘጋ፣ ቴፑ ተከፈተ። ኤርጊቾ ስለ ሥልጠናው፣ በቃሉ ስለሸመደዳቸው መጻሕፍት፣ ስለ ውይይት ክበቡ በደስታ ያወራል፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ኔቪል ያኔ ከልብህ ታምንበት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ከልቤ፣ አለ ኤርጊቾ፣ ሳያቅማማ። ከዚያ ኔቪል «አሁንስ?» አለ። እኔም ያቺኑ አንዲት ቃል ተረጎምኩ። ካሴቱ ይዞራል፣ ውጭ ዶሮ ይጭራል፣ ኤርጊቾ የጉልበቱን ጨርቅ በጣቱ ያሻል። በመጨረሻ ዝጉት አለ። ዘጋነው። ከዚያ በኋላ ስለ ዝናብ ብቻ ነው ያወራነው።

ብዙ ሳይቆይ ኤርጊቾ ታሰረ የሚል ወሬ መጣ። ቀጥሎ ከእሱ ጋር ይሠሩ የነበሩ ከጊምቢቹም ከቦኖሻም ሌሎች ተያዙ። ገበያው ውስጥ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደረሰ፤ በቴፕ ቀድተው ሸጡት ተባለ። ፈረንጁ ነው ያሉ ነበሩ፤ የሚበዙት ግን ፈረንጅ የአገሩን ነገር በምን ያውቃል፣ አስተርጓሚው ነው አሉ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ አግዳሚው ላይ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች እያሳሉ፣ ልጅ እያስተኙ፣ ቀስ እያሉ ይርቁኛል። መምህራን ክፍል ስደርስ ጨዋታው ወደ እግር ኳስ ይዞራል። የኤርጊቾ እናት መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው አለፉ፤ እኔ እሳቸው ቆጮ እያጎረሱኝ ያደግኩ ነኝ። ማርታ ከመዘምራኑ የፊት ረድፍ ወደ ኋላ ተዛወረች፤ ማን እንዳዛወራት አልነገረችኝም። ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። አንተ ነህ ወይ አላለችኝም። ይህ ዝምታዋ በዚያ ሁሉ ዘመን የተደገፍኩበት ነገር ነው፤ ቢያንስ አንድ ሰው ሳይጠይቀኝ አምኖኛል እያልኩ።

ኔቪልም ጥናቱን አቋርጦ ሄደ። መናኸሪያ ልሸኘው ወጥቼ እጁን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም። ይኸው ጥፋተኛ ሰው አልኩ። አንድ ደብዳቤ እንኳ አልጻፈም። ዓመታት ቆይቶ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ድምፁን ሰማሁት፤ ዶክተር ሆኗል፣ ስለ አንድ አገር አብዮት ይጠይቁታል፤ ፈተና እያረምኩ እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ቀረ። ሌላ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛዬ በርዕዮተ ዓለም ጥናት ስሙ የተጠራ ሰው ነው፣ እንግሊዝ አገር ውስጥ እሱን ያልጠቀሰ ተመራቂ የለም አለኝ። ወንበር ላይ ወንበር ሲጨምር እየሰማሁ፣ የወጣበት መሰላል የኤርጊቾ ጀርባ ነው እያልኩ ለሰማኝ ሁሉ አወራሁ። ኤርጊቾ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሲፈታ ወደ ጊምቢቹ አልተመለሰም፤ የሚስቱ ወገኖች ወዳሉበት ዱራሜ ሄዶ እዚያው ቀረ። ልጠይቀው አልሄድኩም፤ እሱም አልመጣም። ጠርጥሮኛል ብዬ ነበር የማስበው።

እንግዲህ ያን ንግግር ሰምቼ ስጨርስ እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ይህ ነው። ኔቪል እኔን እየጠረጠረ ከሆነ፣ እሱ አልሸጠውም ማለት ነው። እኔም አልሸጥኩትም። ታዲያ ማን ሸጠው? ሽማግሌው ዋሽቶስ ቢሆን? ጡረታ የሚወጣ ሰው፣ እኔ መኖሬን እንኳ የማያውቅ፣ ምን አገኝ ብሎ ይዋሻል? ሰላም ለሰውየው በኢሜይል ጻፈችለት፤ የአስተርጓሚው ልጅ ነኝ፣ አባቴ ሊያነጋግርዎት ይፈልጋል ብላ። መልሱ አጭርና ጥንቁቅ ነበር፤ እሺ አለ፣ ቁጥሩን ላከ። እኔ ግን ከመደወሌ በፊት ኤርጊቾን ማየት አለብኝ አልኩ። ሰላም አብሬህ ልሂድ አለችኝና በሚኒባስ ዱራሜ ወረድን። ድሮ ያ መንገድ በክረምት ቀን ሙሉ ይፈጅ ነበር፤ ጭቃው ላይ ወርደን መኪና እየገፋን፣ ዝንጅብል የጫኑ ሰዎች እየሳቁብን። አሁን ሹፌሩ ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ እያወራ አደረሰን።

ኤርጊቾ ልጁ ቤት፣ አቮካዶ ዛፍ ሥር፣ ከዘራውን ጭኖቹ መሃል አቁሞ ተቀምጦ ነበር። ወፍራም የነበረው ሰው ኮቱ ውስጥ ጠፍቷል። ሲያየኝ ለመነሳት ሞከረና አቃተው። ወንበር ቀረበልን። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሞቱት አንድ በአንድ ተጠያየቅን። ከዚያ እንግሊዙ የተናገረውን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «አንተ ነህ ብሎ ነው የኖረው?» አለ። አዎ አልኩት፤ እኔም እሱ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። አንተስ ማን ነው ብለህ ኖርክ አልኩት።

«ማንም አልሸጠኝም» አለኝ። «በእግሬ ሄጄ ነው የገባሁት።»

ሰላም ልትነሳ ስትል ቁጭ በይ ልጄ አላትና ቀጠለ። ያ ሰውዬ አሁንስ ብሎ ሲጠይቀኝ መልሱን አጣሁት አለ። ስሄድ ስመለስ ጥያቄው አለቀቀኝም። ወደ ጦር ግንባር የላክኋቸው ልጆች እናቶች ገበያ ላይ ሰላም ይሉኛል፤ የሚያስፈራኝ ስድብ ሳይሆን ያ ሰላምታቸው ነበር። አንድ ጠዋት ንጹሕ ልብስ ለብሼ አዲሶቹ ባለሥልጣናት ዘንድ ሄጄ ያደረግኩትን ተናገርኩ። እዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። አብረውህ ማን ማን ነበሩ ሲሉኝ ግን ብቻዬን መሆን ፈራሁ፤ የጓደኞቼን ስም ሰጠሁ። አንደኛው እስር ቤት ታሞ ሞተ። ከእስር ስወጣ በራሴ ፈቃድ መግባቴን ብናገር ስሞቹን ማን እንደሰጠም ይታወቃል። ከተማው ደግሞ አንተንና ፈረንጁን ጥፋተኛ አድርጎ ጠበቀኝ። «ዝም አልኩ፣ ማቴዎስ። ዝም ማለት ቀላል ነበር።»

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን በአንድ ስም ልጠራው አልችልም። ቁጣ ነበረበት። ከቁጣው ሥር ደግሞ ያችው የለመድኳት ነገር፤ እውነቱን ነው? ሽማግሌ ነው፣ ታሟል፣ ሊገላግለኝ ብሎ በራሱ ላይ እያላከከ ቢሆንስ? ዓይኑን አየሁት። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ተብሎ አይፈጠርም። ለእንግሊዙ ትነግርልኛለህ ወይ አልኩት። እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሰላም ደወለችና ኔቪል ስልኩ ላይ መጣ፤ ከኋላው እስከ ጣሪያ መጽሐፍ። ማቲው አለኝ፤ ድምፁ ትሁት ነበር፣ ፊቱ ግን በር ላይ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ነው። ነገሩን በእንግሊዝኛ አስረዳሁትና ስልኩን ወደ ኤርጊቾ አዞርኩት። ኤርጊቾ ሲናገር እየተረጎምኩ ሄድኩ፤ መሃል ላይ ኔቪል አስቆመኝ። ይቅርታ፣ አለ፣ እሱ የሚለውን የምሰማው በአንተ በኩል ነው። ያኔም በአንተ በኩል ነበር። ሰላም እኔ ልተርጉም አለች፤ የእኔ ልጅ መሆኗን ያውቃልና አልተቀበላትም። ምን እንዳለ ኤርጊቾ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስልኩን ከእጄ ወሰደና ወደ ፊቱ አስጠጋው፤ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው አማርኛውን ቃል በቃል እየለየ «ኔቪል። ማቴዎስ አልተናገረም። እኔ ሄድኩ። እኔ ተናገርኩ» አለው።

ኔቪል ያን ያህል አማርኛ አልረሳም ነበር። መነጽሩን አወለቀ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሁሉ እያስተማርኩ ነው ያረጀሁት አለኝ፤ አሁን ምን ላድርገው? አላውቅም አልኩት። አንተ አስተማርከው፣ እኔ ደግሞ እዚህ ኖርኩት። ሌላ ማለት ፈልጎ አፉን ከፈተ፣ ኔትዎርኩ ተቆራረጠ፣ ፊቱ ስልኩ ላይ ደርቆ ቀረ። በኋላ ለሰላም ረጅም ይቅርታ ጽፎላታል። ላንብብልህ ስትለኝ ይቆይ አልኳት፤ እስካሁንም እንደቆየ ነው። ማመኑንም አላውቅም። ዕድሜውን በሙሉ ጥርጣሬን ሲያጠና የኖረ ሰው በአንድ ስልክ ይድናል ብዬ አላስብም።

ሆሳዕና ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሰፈራችን ጎፈር ሜዳ ወርጄ ቤት ስገባ ማርታ በረንዳው ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኤርጊቾ በእግሩ ሄዶ መግባቱን፣ ስም መስጠቱን፣ እንግሊዙ ያለውን። እጇ ሥራውን አላቋረጠም፤ ጠጠሩን እያነሳች ወደ ግቢው ትወረውራለች። ስጨርስ ቀና አለች።

«እኔ እኮ አንተ ነህ ብዬ ነው የኖርኩት» አለችኝ።

ያን ሁሉ ዘመን? አልኳት። ያን ሁሉ ዘመን፣ አለችኝ። ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም? አዎ ብትለኝስ፣ አለች። ታዲያ ለምን ትተሽኝ አልሄድሽም ስላት ጥያቄው እንዳልገባት ሁሉ አየችኝ። ልጆቹ ትንንሽ እንደነበሩ፣ እሷም አብራኝ መኖር እንደምትወድ፣ የቀረውን ለጌታ እንደሰጠችው ነገረችኝ። ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ስሜን ስትጠራ እሰማት ነበር፤ ለጤናዬ ይመስለኝ ነበር። እስር ቤት ስለሞተው ሰው ደም ይቅር በለው ስትል ነበር የኖረችው።

ሰፌዱን አነቃንቃ ምስሩን ወደ አንድ ጎን ሰበሰበችው።

«እንግዲህ ያ ሁሉ ጸሎት ለኤርጊቾ ይሁንለት» አለች።